ከኩሬው በፊት መኖው፦ ከዝንብ እጭ ስለሚዘጋጅ የዓሣ መኖ

አንድ ሰበካ ጉባኤ ስለ ዓሣ እርባታ ሲመክር ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኩሬው ነው። ቦታው የት ይሁን? ውሃው ከየት ይሳብ? ቁፋሮው ስንት ያስወጣል? የዓሣ ጫጩት ከማን ይገኛል? ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ኩሬ የሚቆፈረው አንድ ጊዜ ሲሆን ዓሣ የሚመገበው በየዕለቱ ነው። በመኖ በሚካሄድ የዓሣ እርባታ ከጠቅላላው የማስኬጃ ወጪ ግማሽ ያህሉን፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠውን የሚወስደው መኖ ነው። ስለሆነም ቁፋሮው በልግስና ተፈጽሞ የመኖው ነገር «በኋላ እናስብበታለን» ተብሎ የታለፈ እንደሆነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚቀረው ያላደገ ዓሣና ያለ ጥቅም የቆመ ውሃ ይሆናል። ያ ገንዘብ ደግሞ ከምእመናን ሙዳየ ምጽዋት የተሰበሰበ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው የመኖውን ውድ ክፍል በአጥቢያው ከሚገኝ የአትክልትና የእህል ተረፈ ምርት ማግኘት የሚቻልበትን አንድ መንገድ ነው። መንገዱ ጥቁር ወታደር ዝንብ በመባል የሚታወቀውን ነፍሳት እጭ አርብቶ፣ አድርቆና ፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር መቀላቀል ነው። የሚያስገኘውን ጥቅም እንደምንገልጽ ሁሉ የማይችለውንም እንናገራለን።

የመኖው ውድ ክፍል የትኛው ነው?

በአገራችን በኩሬ ለማርባት በስፋት የሚመረጠው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በሐይቅ ሳለ በጫጩትነቱ ጥቃቅን የውሃ ውስጥ እንስሳትንና ነፍሳትን ይመገባል፤ ሲያድግ ደግሞ በአብዛኛው በአልጌ ይኖራል። ፍግ ተጨምሮበት ውሃው አረንጓዴ በሆነ ኩሬም ከዚሁ የተፈጥሮ ምግብ የተወሰነውን ያገኛል። ይሁን እንጂ በትንሽ ኩሬ ብዙ ዓሣ ሲኖር የተፈጥሮው ምግብ አይበቃምና መኖ መጨመር ግድ ይሆናል። ይህ ተጨማሪ መኖ በእንዲህ ዓይነቱ ኩሬ ቢያንስ 25 ከመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። ለጫጩቶች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋል።

የስንዴ ፉርሽካና የበቆሎ ዱቄት በየገበያው ይገኛሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ነው። ፉርሽካ 15 ከመቶ ገደማ፣ በቆሎ 9 ከመቶ ገደማ ይይዛሉ። የኑግ ፋጉሎ ወደ 30 ከመቶ ስለሚደርስ ከሁለቱ ይሻላል። ነገር ግን ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛው፣ የወተት ላምና የድልብ በሬ ባለቤቶችም የሚፈልጉት ስለሆነ ዋጋው የሚወጣው በሽሚያ ነው። ሁለተኛው፣ ላይሲን የተባለው ለዓሣ ዕድገት አስፈላጊ የሆነ የፕሮቲን ክፍል በውስጡ አነስተኛ ነው። ዓሣው ፋጉሎ ብቻ ጠግቦ ቢበላ እንኳ የሚጎድለው ነገር ስላለ እንደሚገባው አያድግም።

በዓለም ላይ ይህን ጉድለት ሲሞላ የኖረው የዓሣ ዱቄት ነው። የዓሣ ዱቄት በአብዛኛው እንደ አንቾቪ ካሉ ትናንሽ የባሕር ዓሦች የሚዘጋጅ ሲሆን ከአምራቾቹ ዋነኛዋ ፔሩ ናት። ባሕሩ የሚሰጠው መጠን ውሱን ነው፤ የዓሣ እርባታው ግን በየዓመቱ እየሰፋ ሄዷል። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ዱቄት ደግሞ ለአንድ የገጠር አጥቢያ ኩሬ መኖ ይሆናል ብሎ ማሰብ አይቻልም። እንግዲህ ፍለጋው በቅርብ ለሚገኝና ላይሲን ላለው ፕሮቲን ነው።

ጥቁር ወታደር ዝንብ ምንድን ነው?

ይህ ዝንብ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን ዛሬ በብዙ የዓለም ሞቃት አካባቢዎች ይገኛል። ቀጠን ያለ፣ ጥቁር፣ ሲያዩት ተርብ የሚመስል ነው፤ ነገር ግን አይናደፍም፣ አይነክስምም። ከቤት ዝንብ የሚለየው ዋና ጠባዩ ጎልማሳው ዝንብ ምግብ የማይመገብ መሆኑ ነው። በእጭነቱ ባከማቸው ስብ አንድ ሳምንት ያህል ይኖራል፣ ይራባል፣ ይሞታል። ምግብ ፍለጋ ወደ ማዕድ ስለማይመጣ በሽታ በማዛመት እንደ ቤት ዝንብ አይታወቅም።

አንዲት እንስት ከ400 እስከ 800 የሚደርስ እንቁላል በደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። እንቁላሉ በአራት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። እጮቹ ሙቀቱና ምግቡ ከተስማማቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ከዓይን ከሚሰወር መጠን ተነሥተው እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይረዝማሉ። በዚህ ጊዜ የሚመገቡት የበሰበሰ ፍራፍሬ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ አተላና የቢራ ብቅል ቅሪት የመሳሰለውን ነው። ሲደርሱ መልካቸው ጠቁሮ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ከምግቡ ወጥተው ይሄዳሉ፤ ከዚያም ፑፓ ሆነው ቆይተው ዝንብ ይሆናሉ።

የደረቀው እጭ ከ35 እስከ 45 ከመቶ ፕሮቲን ይይዛል። በኑግ ፋጉሎ ውስጥ የሚያንሰው ላይሲንም በእጩ ውስጥ በርከት ብሎ ይገኛል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል ማለት ነው። ከመኖነት የሚተርፈው ቅሪት ደግሞ ከደረቀና ከበሰለ በኋላ ለጓሮ አትክልትና ለቤተ ክርስቲያን ደን ችግኝ ማዳበሪያ ይሆናል።

ጉዳዩ በላብራቶሪ ብቻ የቀረ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከነፍሳት የተዘጋጀ ፕሮቲን ለእርባታ ዓሣ መኖ እንዲውል ፈቅዷል፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለዶሮና ለአሳማ ጨምሯል። በምሥራቅ አፍሪካም በ1970 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመውና መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ስለዚህ ዝንብ አረባብ ሲመራመርና አርቢዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ የሚመጣው የእጩ ምግብ ነው። ከገበያ የሚሰበሰብ የአትክልትና የፍራፍሬ ቅሪት፣ ጠላ ከሚጠምቁ እናቶች የሚገኝ አተላ፣ ከወፍጮ ቤት የሚጠረግ የእህል ገለባና ዱቄት ተስማሚ ናቸው። ቅሪቱ በደቃቁ ይከተፋል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ የሚያወጣ ያህል ይሁን፤ አተላ እጅግ ፈሳሽ ስለሆነ በፉርሽካ ይመጠናል። በሳጥኑ ውስጥ የሚነጠፈው ውፍረት ከአምስት ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ከበለጠ ከሥር ያለው አየር አጥቶ ይከረፋል።

ቀጥሎ ሳጥኑ ይዘጋጃል። ወርዱ 40፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሳጥን 10,000 ያህል ለጋ እጮችን ይይዛል። እነዚህ እጮች በ12 ቀን ውስጥ 15 ኪሎ ግራም ያህል እርጥብ ቅሪት ይጨርሳሉ። ሳጥኖቹ ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከዶሮ ተጠብቀው በጥላ ሥር ይቀመጣሉ። እግራቸው በውሃ ወይም በአመድ ከተከበበ ጉንዳን አይደርስባቸውም።

ሦስተኛው ሥራ ምርቱን መሰብሰብ ነው። ለመኖ የሚፈለገው እጭ መጥቆር ሳይጀምር በወንፊት ይለያል፤ ጥቂቱ ግን ለዘር ይቀራል። የተለየው እጭ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይነከርና በንጹሕ ሸራ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ይሰጣል። በጣት ሲያሹት የሚፈረፈር ሲሆን ደርቋል ማለት ነው። ስብ ስለሚበዛበት ተፈጭቶ ብዙ ከቆየ ይሻግታል፤ ስለዚህ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ የሚፈጨውም ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃው ብቻ ይሁን።

አራተኛው ቅልቅሉ ነው። ለ10 ኪሎ ግራም መኖ 2.5 ኪሎ የእጭ ዱቄት፣ 4 ኪሎ የተፈጨ የኑግ ፋጉሎ፣ 2.5 ኪሎ ፉርሽካና 1 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ይወሰዳል። ከላይ በጠቀስናቸው መጠኖች ሲሰላ ይህ ቅልቅል ከ26 እስከ 27 ከመቶ ፕሮቲን ይኖረዋል። የበቆሎው ዱቄት እንደ ገንፎ ከተገነፋ በኋላ ሌላው ሁሉ ተጨምሮበት ይለወሳል፤ በሥጋ መፍጫ ውስጥ አልፎም ይደርቃል። እንዲህ የተያያዘ መኖ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ስለማይበተን ብክነቱ ያንሳል።

ለአንድ አጥቢያ ስንት ይበቃል?

ስሌቱን ሁሉም ሊከተለው እንዲችል በአንድ ምሳሌ እናስቀምጠው። የኩሬው ስፋት 200 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ቢገባ 400 ይሆናል። ዓሦቹ በአማካይ 100 ግራም ሲመዝኑ ጠቅላላ ክብደታቸው 40 ኪሎ ነው። በዚህ ዕድሜ በየቀኑ የክብደታቸውን ሦስት ከመቶ ያህል ስለሚመገቡ 1.2 ኪሎ መኖ ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ሩቡ፣ ማለትም 300 ግራሙ፣ የእጭ ዱቄት ነው።

እርጥብ እጭ ሲደርቅ ክብደቱ ወደ ሦስተኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ለ300 ግራም ዱቄት በቀን አንድ ኪሎ የሚጠጋ እርጥብ እጭ ያስፈልጋል። ይህን ያህል እጭ ለማግኘት ደግሞ በየቀኑ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ግራም ቅሪት ይፈለጋል። አንዱ ሳጥን በቀን አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል ስለሚጨርስ ሥራው በአራት ወይም በስድስት ሳጥን ይጀመራል። ዓሦቹ ወደ 250 ግራም ሲጠጉ ግን ስምንት ሳጥንና በቀን እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ ቅሪት ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤው የመጀመሪያ ጥያቄ «በቀን 10 ኪሎ ንጹሕ ቅሪት፣ በክረምትም በበጋም፣ በጾምም በፍስክም ማግኘት እንችላለን ወይ?» የሚል ሊሆን ይገባል። ሳምንታዊ ገበያ ያለበት የከተማ አጥቢያ በቀላሉ ሊያገኝ ይችላል። የእያንዳንዱ ቤት ትራፊ ለበግና ለዶሮ በሚሰጥበት ገጠር ግን የሚጣል ነገር ላይኖር ይችላል። የበጎችን መኖ ወስዶ ለእጭ መስጠት ደግሞ ልማት አይደለም።

ሊጠነቀቁት የሚገባ

የማይገቡ ነገሮች አሉ። ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽና ዝቃጭ፣ ከመንገድ ዳር የተጠረገ ቆሻሻ፣ ባትሪና ቀለም የነካው ነገር ፈጽሞ አይሰጥም፤ እጩ እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን በሰውነቱ ያከማቻልና። የሰው ዓይነ ምድርም ሆነ የሞተ እንስሳ አይገባም። የአውሮፓው ሕግ ለመኖ የሚውለው እጭ በእንስሳት ፍግና ከምግብ ቤት በሚወጣ ትራፊ እንዳይመገብ ይከለክላል፤ እኛም ይህን ጥንቃቄ መከተል ይበጃል እንላለን። የተባረከ ነገር፣ መክፈልትም ቢሆን ሌላ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚስተናገድ ስለሆነ ከቅሪት አይቆጠርም፤ ወደ ሳጥኑም አይገባም። ይህን በዓላትና ዝክር ሲኖሩ ቅሪት ለሚሰበስቡ ወጣቶች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የብርድ ነገርም አለ። እጩ በደንብ የሚያድገው ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ነው። በደጋ አገር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የሁለት ሳምንቱ ሥራ ወር ሊፈጅ ይችላል። ቆሮሶም ራሱ ሞቃት ውሃ የሚወድ በመሆኑ ለእጩ የማይመች ብርድ ለዓሣውም አይመችም። ስለዚህ ይህ አሠራር በይበልጥ የሚስማማው ለቆላና ለወይና ደጋ አጥቢያዎች ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ዝንቡን ማራባት ነው። ጎልማሳው ዝንብ የሚገናኘው የፀሐይ ብርሃን ባለበት በመሆኑ በጥሩ መረብ የተሸፈነ ብርሃናማ ቤት ይሻል። በዚህ ቦታ አንድ ስሕተት በቀላሉ ሊፈጸም ይችላል፤ እርሱም ለወባ መከላከያ የታደለውን አጎበር ለዚህ ሥራ ማዋል ነው። አጎበሩ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ዝንቦቹን ይገድላል። ከዚህም በላይ አጎበሩ የተሰጠው ለሰው ሕይወት ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ የዝንብ ቤት ከሚሠራ ይልቅ አንድ ገዳም ወይም አንድ ወረዳ ቤተ ክህነት ዘሩን አራብቶ ለጋ እጮችን ለአጥቢያዎች ቢያከፋፍል ወጪውም ድካሙም ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ዘር ለማግኘት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤትና የምርምር ማዕከላትን መጠየቅ ይገባል፤ ከውጭ አገር በግል ማስገባት ግን አይገባም። የዓሣ ጫጩትና የኩሬ አያያዝ ምክርን በተመለከተ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ።

ምእመናን የሚያነሡት ጥያቄ

«ትል የበላ ዓሣ እንዴት ይበላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ማወቅና መልሱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከሥራው አንጻር መልሱ ግልጽ ነው፤ የሐይቅ ዓሣም ነፍሳትን ይበላል፣ በየጓሮአችን ያለችው ዶሮም ከመሬት ጭራ የምታወጣው ይህንኑ ነው። ወደ ሰው ማዕድ የሚቀርበው ዓሣው እንጂ እጩ አይደለም። እጩም ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮና ደርቆ ነው ለዓሣው የሚሰጠው። ይሁን እንጂ ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት የሚገባው ዓሣው ለገበያ በቀረበበት ዕለት ሳይሆን ሳጥኑ በተቀመጠበት ዕለት ነው። ሥራውን ከሕዝብ መሰወር ጥርጣሬን ይወልዳል፤ ጎብኝቶ ያየ ሰው ግን ራሱ ምስክር ይሆናል።

የዓሣው ዓይነትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አምባዛ ፈጥኖ የሚያድግና ጠንካራ ዓሣ ቢሆንም ቅርፊት ስለሌለው ከምእመናን ብዙዎቹ በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈውን እያሰቡ አይበሉትም። ቆሮሶ ግን ክንፍም ቅርፊትም ስላለው እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስነሣም። ዓሣው የሚወጣበትን ጊዜ በሚመለከትም ኮሚቴው ቀኑን ከመወሰኑ በፊት ከአጥቢያው ካህናት ጋር ቢመክር መልካም ነው። በጾም ወራት በከተማ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ግን ከገበያ በላይ ነውና የምርቱ ጊዜ በፍስክ ወራት እንዲውል አድርጎ ጫጩት የሚገባበትን ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ይወስን?

የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ለሦስት ወር እጭ ብቻ ይርባ። ሁለት ሳጥን ይበቃል። በየቀኑ የገባው ቅሪት፣ የወጣው እጭና ሥራው የወሰደው ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ። የተገኘው እጭ ለአጥቢያው ዶሮዎች ሊሰጥ ስለሚችል ሙከራው በከንቱ አይቀርም። ሥራው ለአብነት ተማሪዎች ተጨማሪ ሸክም እንዳይሆንባቸው ኃላፊነቱ ተቆጥሮ ለአንድ ሰው ይሰጥ፤ ድካሙም ይከፈል። በነጻ የተሠራ ሥራ በመዝገብ ላይ ትርፍ መስሎ ይታያል፤ ሠራተኛው በታከተ ዕለት ግን ትርፉ አብሮ ይጠፋል።

ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡ ይነበብ። የአንድ ኪሎ እጭ ዱቄት ወጪ በኪሎ ከሚገዛው ፋጉሎ ጋር ይነጻጸር፤ ሲነጻጸርም የእጩ ፕሮቲን ከፋጉሎው እንደሚበልጥ ይታሰብ። ዋጋው ከተስማማ ኩሬው ይቆፈር። ካልተስማማም የጠፋው የሁለት ሳጥን ወጪ ብቻ ነውና ጉባኤው ያለ ሐፍረት «ይህ ለእኛ ቦታ አይሆንም» ብሎ ሊወስን ይችላል። ዓሣው ከገባ በኋላም በየወሩ 30 ያህል ዓሣ ተይዞ ይመዘን፤ የማያድግ ዓሣ መኖው ትክክል አለመሆኑን የሚናገረው በሚዛን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ትርፉ መጠን አንድ ነገር መግለጽ ይገባናል። 100 ኪሎ ዓሣ ለማምረት ከ150 እስከ 200 ኪሎ መኖ ያስፈልጋል። በዚህ አሠራር ከአጥቢያው ተረፈ ምርት የሚተካው ሩቡን፣ ማለትም ከ40 እስከ 50 ኪሎ ያህሉን ነው፤ ሌላው እንደ ወትሮው ይገዛል። እጩ መኖን በሙሉ ከመግዛት አያድንም። ነገር ግን የሚተካው ክፍል በፕሮቲኑ ከሁሉ የላቀውን፣ ከገበያ ሲጠፋም ዓሣውን የሚያቀጭጨውን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ኩሬ የምትቆፍረው ለአንድ ዓመት በዓል ማድመቂያ ሳይሆን ለድኾች፣ ለአብነት ተማሪዎችና ለአገልጋዮች ዘላቂ ገቢ እንዲሆን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉባኤ የዓሣ እርባታ አጀንዳ ሆኖ ሲቀርብ፣ የቁፋሮው ሂሳብ ከመነበቡ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ «ዓሣው በየቀኑ ምን ይበላል? ከየትስ ይመጣል?» ብሎ እንዲጠይቅ አደራ እንላለን።